ዋሻው አልታጠበም

ጥር 7፣ ከጧቱ 2 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬም የእህቴ ድንጋይ መያዣ ከረጢት። አሥራ ሁለት ሰፍቻለሁ፣ ስምንት ይቀረኛል። አቡጀዲው ሳስቷል፣ በድርቡ ነው የምሰፋው። ድንጋይ አይምርም።

ታናሽ እህቴ ሰብለ (ዶ/ር ሰብለ ልበል እንጂ፣ መ/ቤቷ እንዲያ ነው የሚላት) አዲስ አበባ ሄዳለች፣ ከነገ ወዲያ ትመለሳለች። ከመቻራ ዋሻ ያመጣቻቸው ድንጋዮች በረንዳዬን ሞልተውታል። ጭቃው፣ የሌሊት ወፍ ኩሱ፣ ምኑ ቅጡ! ጥምቀት ደርሷል፣ እንግዳ አለብኝ። ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ በአጥር አንገቷን አስግጋ፣ የእህትሽ ጥሎሽ ነው ወይ ትለኛለች። ሳቅኩላት። ውስጤ ግን አረረ። ሃያ ዓመት ሙሉ "ድንጋይ ለቃሚዋ" እያሉ።

ዛሬ ቤት አጸዳለሁ።

ጥር 7፣ 10 ሰዓት

አጠብኳቸው! አንድ በአንድ። በሳሙና፣ በብሩሽ፣ እምቢ ያለውን በበረኪና። በመጠናቸው ደረደርኳቸው፣ ትልቁ ከኋላ ትንሹ ከፊት፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ። ያምራሉ። አንዳንዱ ላይ ዛጎል አለ፣ የእውነት የባሕር ዛጎል። ሐረርጌ ተራራ ላይ ባሕር! ሰብለ ስታይ ደስ ይላታል።

ጥር 9

ደስ አላላትም።

ምን ብዬ ልጻፍ። በሩ ላይ ቆመች፣ ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አስረዳችኝ። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ነበረው። ቀስትም ነበረው፣ የቱ ጎኑ ወደ ላይ እንደነበር የሚያሳይ። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ፈተግኩት።

የዋሻው ግድግዳ ላይ ጣት የምታህል ጥቁር መስመር አለች። ከሥሯ ዛጎል በዛጎል ነው። ከበላይዋ ምንም። ባሕሩ ትንፋሽ አጥሮት ውስጡ ያለው ፍጥረት ሁሉ አንድ ላይ ያለቀበት ዘመን ነው ትላለች፣ ሰው የሚባል ሳይኖር። የቱ ድንጋይ ከሥር፣ የቱ ከላይ እንደመጣ ካልታወቀ ምስክርነቱ ከንቱ። በረኪናው ደግሞ በላዩ ላይ።

እስከ ወሩ መጨረሻ ለምርመራ ካልተላከ ጥናቱ ይዘጋል። እሷ ቢሮ ትቀመጣለች። የዝውውር ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ፊርማዋን ይጠብቃል።

ልጅ ሆነን እናታችን የሰብለን ድንጋዮች አውጥታ ስትጥል፣ በቀሚሴ ታቅፌ በጓሮ የምመልስላት እኔ ነበርኩ። እኔው!

ጥር 10

ስልክ ስታወራ ሰማኋት። ለአለቃዋ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምልክቱን በደንብ አላደረግሁም ትለዋለች። ስሜን አላነሳችም። ሴት ዋሻ አትገባም ሲሏት በገመድ የወረደች፣ ሃያ ዓመት ያልዋሸች ልጅ፣ ለእኔ ብላ ዋሸች።

ስልኩን ነጠቅኳት። እኔ ነኝ ያጠብኩት አልኩት። ወይዘሮ፣ ይህ የሙያ ጉዳይ ነው ይለኛል፣ በስክነት። ነገሩ አልቋል ይለኛል። ምኑ ነው ያለቀው? "የታጠበው ድንጋዩ ነው፤ ዋሻው አልታጠበም!" ብዬ ዘጋሁበት።

ሰብለ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ጉልበቴ እኮ፣ እታለም፣ ትለኛለች። አምና ከወደቀች ወዲህ አይታጠፍም። መስመሯ ያለችበት ጋ የሚደረሰው በደረት ተስቦ ነው። ያኔ ገብቶ ያመጣላት ረዳቷ ሥራ ለቋል።

እኔ ደረት የለኝም?

ጥር 13፣ መንገድ ላይ

መ/ቤቷ መኪና ከለከለ። ቡና ሊያመጣ ባዶውን የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘሁ፣ ጋቢና ነን። በዴሳ፣ ገለምሶ፣ አቧራ፣ አቧራ። ስንወጣ እትዬ ብርቄ አማተበች፣ ሃምሳ የሞላት ሴት ሰይጣን ቤት ልትገባ ነው አለች፣ ሰፈር እስኪሰማ። ሰላምታሽን አደርስልሻለሁ አልኳት።

ሾፌሩ ወርቅ ነው ወይ የምትፈልጉት ይላል። ሰብለ፣ ዛጎል። አላመናትም። ሥራ ስትጀምር ማዕድን ፍለጋ ነበር የመደቧት፤ አብረዋት የጀመሩት ወርቁን ተከትለው ቤት ሠሩ። እነሱ ድንጋዩ ስንት ያወጣል ይላሉ፣ እኔ ምን አየ እላለሁ፣ አለችኝ። መጻፌ ለዚህ ነው። እንዳልረሳው።

ጥር 14፣ ጧት፣ መቻራ

ኦቦ አህመድ ማሳቸው ከዋሻው አፍ ጥግ ነው። ሰብለን ከጀማሪነቷ ያውቋታል። እኔን ከላይ እስከ ታች አዩና በኦሮምኛ፣ ይህቺ ታልፋለች፣ ሥጋ የላትም አሉ። የማልሰማ መስሏቸው። "ገለቶማ" አልኳቸው፣ አመሰግናለሁ። ሳቃቸው! ቢስሚላህ በይና ግቢ አሉኝ። በስመ አብም እላለሁ። ሁለቱም አይጎዳም።

ፈርቻለሁ። ደብተሬ፣ ላንቺ አልዋሽም።

ጥር 14፣ ከሰዓት

ጽሕፈቴን ይቅር በይ።

ደረት፣ ክርን፣ ደረት። መብራቱ ግንባሬ ላይ። ጣሪያው ጀርባዬን ይልሰኛል። የሰብለ ድምፅ ከኋላ፣ እየራቀ። መሃል ላይ ተቀረቀርኩ። ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ። እዚያ ተጋድሜ የእትዬ ብርቄ ፊት መጣብኝ። ተናድጄ አለፍኩ።

ከዚያ እሷ። ጥቁሯ መስመር። መዳፌን አሳረፍኩባት። ቀዝቃዛ። ከሥሯ ዛጎሎቹ እንደ ገበያ ቀን ተጋፍተው። ከላይ ጭጭ። ያን ሁሉ ነፍስ ማን አለቀሰለት? እኔ፣ ትንሽ።

ሰብለ ከውጭ ትጮኻለች፣ መጀመሪያ ቀስት፣ ከዚያ መዶሻ! ቀስቱን በየድንጋዩ ላይ በሚስማር ጫርኩት። ቁጥሩን ደግሞ ከረጢቶቹ ላይ በቀይ ክር ጠልፌው ነው የመጣሁ። ይታጠብ እስኪ!

ሃያ ከረጢት። አምስት ጊዜ ገብቼ ወጣሁ። ክርኔ ተልጧል።

ጥር 17፣ ጭሮ

ድንጋዮቹ ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ በየተራቸው፣ ከነጭቃቸው። ሰብለ የከረጢቶቹን ዝርዝር የጻፈችው በዝውውር ወረቀቱ ጀርባ ላይ ነው። ፊርማ የለበትም።

የመላኪያው ቅጽ ላይ ናሙናውን የሰበሰበው ሰው ስም ይላል። አለቃዋ ደውሎ፣ ያንቺን ጻፊ፣ የልብስ ሰፊ ስም ካዩ ይስቁብናል አላት። ስልኩን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ስንት ከረጢት ሰፋሁ፣ በአንዱም ስሜ የለም፣ ፈልጌም አላውቅ። ግን ሰብለ ዳግመኛ ስትዋሽ አላይም።

ጻፊ አልኳት። ወ/ሮ ዘነበች በይ። ያጠብኩትም እኔ፣ የለቀምኩትም እኔ።