የመጨረሻዋ ውልወላ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፦

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ታማርሪዋለሽ? መንታዎቹስ? የአባባ ዓይን እንዴት ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ የቀረውን ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አራት ዓመት ሙሉ ምን እንደምሠራ ስትጠይቂኝ ፈሳሽ አጠናለሁ እያልኩ አልፍሽ ነበር። ዛሬ በደንብ ልንገርሽ። ሁለት ትንንሽ መስታወቶች ስስ ሽፋን ይደረግላቸውና በከፋይ ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይታሻሉ። በመሃላቸው ከፀጉር የቀጠነ ፈሳሽ ክሪስታል ይገባል፤ በስልክሽ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ቅንጣቶቹ ጨርቁ የሄደበትን ተከትለው ይሰለፋሉ። ሰልፋቸው የተፋለሰበት ቦታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቁር ክር ይመስላል። የእኔ ክሮች ጥምዝምዝ ያሉ ነበሩ። ከሽፋኑ የመጣ አዲስ ነገር ነው ብዬ የዶክትሬት ጽሑፌን በሙሉ እነሱ ላይ ገነባሁ። ፕሮፌሰሬም አምነውኝ በየስብሰባው አወሩልኝ።

ባለፈው ሳምንት የቤተ ሙከራው መሣሪያ ጠጋኝ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ታሽቶ ያለቀውን መስታወት ከመግጠሜ በፊት በለስላሳ ጨርቅ ዞር ዞር አድርጌ ስወለውለው አይቶ ክው አለ፤ ምን እያደረግሽ ነው አለኝ። እያጸዳሁት ነዋ አልኩት። እትዬ፣ ከአባባ መስታወት ቤት ሳይወለወል የወጣ መስታወት ታውቂያለሽ? እጄ ራሱ ነው የሚያደርገው፤ አንድም ቀን መዝገቤ ላይ አልጻፍኩትም። ለካ ፈሳሹ ሲከተል የኖረው ያቺን ውልወላ ነው! ሳልወለውል አሥር ጥንድ ሠራሁ፤ አንድም ክር የለም። በዓለም ላይ ስለ አንዲት ሴት የጨርቅ አያያዝ የእኔን ያህል ያጠና አይገኝም።

ፕሮፌሰሩ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በመጽሔት የታተመው ጽሑፍሽ ይሰረዛል፣ የትምህርት ጊዜሽም በወሩ መጨረሻ ያበቃል፣ ማራዘም አልችልም አሉኝ። አንድ ዓመት ብቻ ብዬ ለመንኳቸው። አልሆነም። እንደምትጽፊልኝ አውቃለሁ፣ አይዞሽ ትያለሽ። ይቅርብኝ፣ እትዬ። ሌላ ቦታ ልጀምር ብል የሚቀበለኝ የለም፤ እኔም አቅሙ የለኝም። ጠዋት ስነሳ ጫማዬን ማሰር ራሱ ያታክተኛል።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አክስቴን ለጸሎቷ አመስግኚልኝ፤ ምን እንደሆንኩ ግን አትንገሪያት፣ ታለቅሳለች። ለአባባ ስታነቢለት የውልወላውን ነገር ዝለዪው፤ ከእጁ የተማርኩት መሆኑን ወዲያው ያውቃል። መቼ ነው የምትመጣው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በቅርቡ በይው፤ ያቺ ቃል እንኳ እውነት ናት።

ታናሽሽ
ከተከራየኋት ክፍል፣ ግንቦት 23 ቀን