የሀሴት ገጽ አልሞላም

ውድ እህቴ ሀሴት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሆስፒታል ያስገባሽ ያ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይ? ካለሽበት ብርድ አለ? አባባንስ አገኘሽው? እኔ ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ውሸቴን ከፊቴ ስለምታነቢው ይቅር። ፈርቻለሁ።

እማዬ ትናንት አስከሬንሽን ይዛ ወደ አዲስ አበባ በረረች። እኔ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ቀረሁ፤ ከወጣህ መመለስ የለም ተባልኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዓለምሸት «ብቻህን አታድርም፣ እኛ ጋ ና» ብለው ለመኑኝ። እሺ አልኩ፤ ግን አልሄድኩም። ቤቱን ጥዬ ብወጣ አንቺ ጭራሽ የምትሄጂ መሰለኝ።

አጎታችን ውብአለም ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ ነገ ቀብርሽ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጻፍ አለኝ። ታትሞ ለለቀስተኛው ይታደላል። የተወለድሽበትን፣ የተማርሽበትን፣ ወደዚህ የመጣሽበትን ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ላይ አለቀ። ልኬለት መልሶ ደወለ። ግማሹ ባዶ ሆኖ ለሰው አይታደልም፣ ያስተዛዝባል፣ መስመሩን አራርቀው አለኝ።

በላፕቶፕሽ ጽሑፉን በሙሉ መርጬ ክፍተቱን እጥፍ አደረግሁት። ገጹ ሞላ። ግን «ካናዳ መጣች» ከሚለው እስከ «አረፈች» ድረስ ነጭ ብቻ ሆነ፤ ያልኖርሽ መሰልሽ። የክፍተቱን ቁጥር ዝቅ ሳደርገው ደግሞ መስመሮቹ ተጣበቁና የፊደሎቹ አናት ተቆረጠ። ስምሽ አናት የለውም። ደንግጬ ላፕቶፑን ከደንኩት።

ለትምህርት ቤት የጻፍኩትን አራርቄ ሳሳይሽ «ባህሩ፣ ይሄ ወጥ ውኃ በዛበት፤ አስተማሪህ ምላስ የለውም እንዴ?» ብለሽ የሳቅሽብኝ ትዝ ይልሻል?

አባባን ሳሚልኝ። የአያታችንን የእማማ ቦጋለችን ጉልበት ሳሚልኝ። እማዬ ነገ አጠገብሽ ስትቆም አይዞሽ በያት፤ እኔ ሩቅ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት መብራቱን ሳላጠፋ አድሬ ነቃሁ። ማሞቂያው ሲንቋቋ አንቺ የተነሳሽ መስሎኝ ጠራሁሽ። ላፕቶፕሽን ከፍቼ መስመሩን ወደ ነበረበት መለስኩና «አረፈች» ከሚለው ቃል በፊት መጻፍ ጀመርኩ፤ ካልሲዬን ማሞቂያው ላይ አሙቀሽ እንደምትወረውሪልኝ፣ በሥራሽ የምትንከባከቢያቸውን ሽማግሌዎች ስም አውቶቡስ ውስጥ እየደጋገምሽ እንደምታጠኚ፣ ስትቆጪ መጀመሪያ የምትስቂው አንቺ እንደሆንሽ። አጎታችን ይህ ለቀብር አይሆንም ይለኝ ይሆናል። ገጹ ሞላ፤ «አረፈች» የሚለው ቃል ብቻውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ተገፋ። መስመሩን ጥቂት ባጠብበው ይገባ ነበር። አልነካሁትም፤ እንዲያው ላክሁት።

ወንድምሽ ባህሩ
ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.