የግማሽ ሪዜ ዜና ዕረፍት

ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን 2018

የሪዜ ግራ ጎን ዛሬ ጠዋት በድንገት ከዚህ ዓለም መለየቱን የምገልጸው በታላቅ ኀዘን ነው።

ገዳዩ ግራ እጄ ነው። ቀኙ ዓለም ገና ከተማ ባጃጁ ሳይቆም ዘልዬ ስወርድ ተሰብሮ፣ ወጌሻው በቀርከሃ አስሮ አንገቴ ላይ አንጠልጥሎታል። ጢሜም ዝም ብሎ አደገ። ትናንት ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ መንገድ ላይ አቅፈውኝ፣ «ጀባዹ ልጄ፣ አይዞህ። ማን ነው የሞተብህ?» አሉኝ። እኔ ነገ ሚዜ ነኝ! ሐዘንተኛ መስዬ ነው ሙሽራ የማመጣው?

ፀጉር አስተካካዩ ጀማል ጋ መሄድ ደግሞ ሞቴ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ «በግ ሸላች» የምለው እኔ ነኝ። በግም ቢሆን አያምርለትም። ስለዚህ ራሴ መላጨት ጀመርኩ። ቆዳ የሚወጥርልኝ ሌላ እጅ ስለሌለ ጉንጬን በምላሴ ገፋሁት። ግራ እጄ ግን ለጉርሻ እንኳን የማትፈለግ ቦዘኔ ናት፤ ሸርተት ብላ ግማሽ ሪዜን ይዛ ወረደች።

አማራጭ አጥቼ ጀማል ጋ ሄድኩ። ሲያየኝ አልሳቀም፤ ያናደደኝም አለመሳቁ ነው። አስቀመጠኝና ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ አሳርፎ፣ «እስቲ ያን ስም ድገመው» አለኝ።

«የቱን ስም፣ ጋሼ ጀማል?»

ጋሼ! ቢበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው።

የተረፈውን ሪዜንም ጨምሮ ጥርት አድርጎ ላጨኝ፣ በግ ሸላች። ቤት ስገባ እናቴ ጢሜ መላጨቱን አይታ እልል አለች። የሪዜን መጥፋት ግን ልብም አላለችው። ለነገሩ ድሮም ቆጥረው የሚጨርሱት ነበር።