በስሜ «በደስታ» ስለተስማማው ፕሮግራም፦ ለመረጃ ደህንነት ክፍል ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር አቶ ተክለጻድቅ
የድርጅታችን የመረጃ ቴክኖሎጂና የመረጃ ደህንነት ክፍል ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትህትና እያቀረብኩ፣ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤናና የኔትወርክዎ ጤና እንዴት እንደሰነበተ ለመጠየቅ እወዳለሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ኮምፒውተሬም ጠዋት ጠዋት እያቃሰተች ትነሳለች፣ መብራት ሲሄድ ታርፋለች፤ ከዚህ የተሻለ ኑሮ ያለው የቢሮ ዕቃ ብዙ ስለማላውቅ አላማርርም።

ይህን ደብዳቤ በኢሜይል ከመላክ ይልቅ በእጄ ጽፌ፣ በብዕር ፈርሜ፣ በመግቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በመለጠፌ ቅር እንደማይሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ከኢሜይል የሸሸሁበትን ምክንያት አንብበው ሲጨርሱ ራስዎ ይደርሱበታል። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነብና ለማያውቀኝ እንግዳ ደግሞ አስናቀች ባዳቾ እባላለሁ፤ ለገበሬዎች ችግኝና ሥልጠና የሚሰጠው፣ ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠራው የዚህ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ ነኝ። ወደ ተበላና ወደ በዴሳ ከተሞች የሚሄደው የሥልጠና ጥሪ ሁሉ የሚወጣው፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ የሚገባው ጉዳይ ሁሉ የሚያልፈውም በእኔ ኢሜይል በኩል ነው። ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር የማቀርበው ክፍልዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፦ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የሥልጠና ጥሪ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም በኢሜይሌ አንድ ጥሪ ሊልክ ባሰበ ቁጥር አንዲት ትንሽ መስኮት በስክሪኔ መሃል ብቅ ትላለች። በእንግሊዝኛ የምትናገረው ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ሌላ ፕሮግራም በእርስዎ ስም መልእክት ሊልክ እየሞከረ ነው፣ ያልጠበቁት ከሆነ ይከልክሉ፣ የሚል ነው፤ ከሥሩም «ፍቀድ» እና «ከልክል» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ጨዋነቷን አደንቃለሁ። ነገር ግን ለሁምቦ ገበሬዎች ማኅበራት ጥሪ የሚላክ ዕለት ማኅበራቱ ባሉበት ቁጥር ልክ ታንኳኳለች፤ «ፍቀድ» የሚለው ቁልፍም መስኮቷ ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር እየተንፏቀቀች ዳር እስክትደርስ ድረስ ቢጫኑት አይሰማም። በዚህ ምክንያት የመጠበቅ ችሎታዬ እጅግ ስለዳበረ፣ ክፍልዎ ስልክ እስኪያነሳ መጠበቅ አሁን እንደ ዕረፍት ሆኖልኛል፤ ለዚህም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፦ መስኮቷ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳትጠይቀኝ እንድታሳልፍ የሚያደርግ ምርጫ እንዳላት ባለሙያዎችዎ በደስታ አብስረውኛል። አሥር ደቂቃ በእኛ ኔትወርክ አንዱ ጥሪ ሄዶ ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ ነው። መብራት የሄደ እንደሆነም አሥሩ ደቂቃ በጨለማ ያልቅና፣ መብራት ሲመጣ መስኮቷ ጭራሽ ተያይተን እንደማናውቅ ሆና ከመጀመሪያው ትጠይቀኛለች።

ሦስተኛ፦ የሒሳብ ክፍሏ ወ/ሮ ሰብለ፣ ደግነቷን ማንም አይክድም፣ እኔ ለምሳ ወጥቼ ሳለ ይቺ መስኮት ብቻዋን ስትቁነጠነጥ አይታ አዘነችልኝና፣ ኢንተር የሚለው ቁልፍ ላይ ትልቁን ስቴፕለር ጭናበት ሄደች። ኢንተር ማለት እሺ ማለት ነው ብሎ ያልለመደ የቢሮ ሠራተኛ የት ይገኛል? መስኮቷ ግን ተጠራጣሪ ሆና ስለተሠራች፣ ኢንተር ሲጫኑባት «ከልክል» ብላ እንደምትወስደው ክፍልዎ ለማንም አልነገረም። ስቴፕለሩ ምሳ ሰዓቱን ሙሉ በሚያስመሰግን ትጋት የሁምቦን ጥሪ አንድ በአንድ ሲከለክል ዋለ። አሰልጣኛችን አቶ ጌታሁን ሁምቦ፣ ተበላ ከተማ ድረስ ሄዶ ስለ ማንጎ ችግኝ አያያዝ ለባዶ ወንበሮች ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ፤ ለሠልጣኞች የቀረበውንም ጥሬ ሥጋ ከነሚያቃጥለው ዳጣው ከሾፌሩ ጋር ሆኖ በኃላፊነት ስሜት ተወጣው። በማግሥቱ ሥራ አልገባም። ሪፖርቱ ላይ ሥልጠናው የተሳካ እንደነበር ስለተጻፈ፣ ክፍልዎ እንደ አንድ ስኬት እንዲቆጥረው እለምናለሁ።

አራተኛ፦ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ በተደጋጋሚ በጽሑፍ ጠይቄ አንድም ጊዜ መልስ ባለማግኘቴ፣ ክፍልዎ ምስጢር በመጠበቅ ረገድ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ለመረዳት ችያለሁ።

እስከዚህ ያለውን ስቄ አሳልፌዋለሁ፤ እርስዎም ፈገግ ብለው ከሆነ ደስ ይለኛል። የሚቀጥለውን ግን ቁጥር አልሰጠውም፤ ከሌሎቹ ጋር ተራ ይዞ የሚቆም ጉዳይ ስላልሆነ።

እንደሚያውቁት በደንባችን መሠረት ሶዶ ዋና ቢሮ አምስት ዓመት የሞላው ሠራተኛ ወደ ተበላ ወይም ወደ በዴሳ ቅርንጫፍ ሊዛወር ይችላል፤ የሚዛወረው ግን ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የጥሪውን ፕሮግራም ገና ሳልከፍተው መስኮቷ ብቅ አለች። እጄ በልማድ ወደ «ፍቀድ» ሄዶ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ምንም ሳልልክ ማን ነው በስሜ የሚልከው ብዬ ከለከልኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ ደግሜ ከለከልኩ። የክፍልዎ ባለሙያ ወ/ሮ ሜላት መጥታ ብትመለከትልኝ፣ ላኪው ክፍልዎ በቅርቡ የጫነልን የሰው ሀብት ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። ሊልከው የሚታገለውም፣ እኔ አስናቀች ባዳቾ ወደ በዴሳ ቅርንጫፍ መዛወሬን በደስታ የተቀበልኩ መሆኔን አረጋግጣለሁ፣ የሚል መልእክት ነበር።

ፕሮግራሙ አምስት ዓመት የሞላውን ሁሉ እየፈለገ የስምምነት ደብዳቤውን ራሱ ይጽፋል፣ በሠራተኛው ስም ወደ እኔ ይልካል፣ ከዚያም በእኔ ስም ወደ ሥራ አስኪያጁ ያስተላልፋል፤ ይህም የተደረገው የሠራተኛውን ጊዜ ለመቆጠብ ነው ተብያለሁ። ስለ ጊዜያችን በማሰብዎ ከልብ እናመሰግናለን። የንብረት ክፍሉ አቶ ቦልቴ እንደማንኛችንም ሳያነብ «ፍቀድ» ብሎ ስላለፈ፣ እኔም ከጥሪዎቹ አንዱ መስሎኝ ስላሳለፍኩት፣ ወደ ተበላ በደስታ መዛወሩን የሰማው የዝውውር ደብዳቤው እጁ ሲገባ ነው፤ ባለቤቱም ይህን የሚያህል ነገር ደብቀኸኛል ብላ እስከ ዛሬ አኩርፋዋለች። እኔን በተለይ ልቤን የነካችው «በደስታ» የምትለው ቃል ናት። በዚህ ቢሮ ተደስተሽ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ ደስታዬን ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ ፕሮግራም በመገኘቱ ተጽናንቻለሁ።

ለነገሩ በዚህ ቢሮ ስሜን ሳይጠይቅ ያልተጠቀመበት ማን አለ? የመዝናኛ ኮሚቴው ጸሐፊ የሆንኩት ፈቃድ ላይ ሳለሁ ነው፤ የአዳራሹ መጋረጃ ሲሰቀል አስናቀች ብላለች ተብሎ ነው፤ ሲወርድም እንዲሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ በስምሽ ይህን ላድርግ ወይ ብላ የጠየቀችኝ ብቸኛ ፍጡር ይቺ መስኮት ናት። ስሰድባት ከርሜ አሁን ብቆጭ አይፍረዱብኝ።

በዴሳን ጠልቼ እንዳይመስልዎ። የበዴሳ ሰው ደግ ነው፣ ገበያውም ይጥማል። ነገር ግን የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ አቶ ባዳቾ የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ቆይቷል፤ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ ግን የጎረቤቱን አጥር፣ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳና የፋርማሲውን ደረጃ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ማንም ሳይመራቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሲያዩዋቸው ቀስ ይላሉ። በዴሳ ብወስዳቸው ከበር የሚያወጣቸው ሰው የሚጠብቁ ሽማግሌ ይሆናሉ፤ ሶዶ ትቻቸው ብሄድ ደግሞ ማታ በር የሚከፍትላቸው የለም። ይህን ሳስብ እፈራለሁ፤ ፍርሃቴንም በትህትና ልሸፍነው አልችልም።

ክቡርነትዎ እንዲያስተውሉልኝ የምለምነው፣ ፕሮግራሙ በስሜ ሊልክ ሲታገል የሚታገለው በእኔ ስም ብቻ እንዳልሆነ ነው። አስናቀች እኔ ነኝ፤ ባዳቾ ግን እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ወደ በዴሳ በደስታ ስለመሄዳቸው ለማንም አላረጋገጡም። ነገሩን በወላይትኛ ሳስረዳቸው፣ በሰው ስም ከመላኳ በፊት የምትጠይቅ መስኮት መኖሯን ሰምተው፣ ይቺስ አሳዳጊ አልበደላትም አሉ። ቀጥለውም ሳይጠይቅ የሚልከውን ያሳደገው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለክብርዎ ስል ስምዎን አልነገርኳቸውም።

ከማክሰኞ ወዲህ መስኮቷ በየግማሽ ሰዓቱ ትመጣለች፣ እኔም በየግማሽ ሰዓቱ እከለክላለሁ። ሻይ መጠጣት ሲያምረኝ ወ/ሮ ሰብለ ስቴፕለሯን ታውሰኛለች፤ ኢንተር ላይ ጭኜው እወጣለሁ፣ እሱም በታማኝነት እየከለከለ ይጠብቀኛል። እንዲህ ተቻችለን ሳለን ሐሙስ ዕለት የክፍልዎ ማስታወቂያ ወጣ፦ ሠራተኞች ባቀረቡት ተደጋጋሚ ቅሬታ መሠረት መስኮቷ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ትዘጋለች፣ ፕሮግራሞችም ያለ ጥያቄ ይልካሉ። ቅሬታ አቅራቢዋ እኔ ነኝ! ያን ሁሉ ወራት ስጮህ ያልሰማ ጆሮ፣ ምነው ባልሰማኝ የምልበት ቀን ሲደርስ ተከፈተ። ዘበኛው ጥያቄ አበዛ ተብሎ ዘበኛውም በሩም አብረው ሲነሱ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ወ/ሮ ሜላት እንደገለጸችልኝ ከሆነ፣ መስኮቷ በሁሉም ነገር እንዲህ የምትጨነቀው በኮምፒውተሮቻችን ላይ ያለው አንቲቫይረስ ጊዜው ስላለፈበት ነው። እሱ ቢታደስና የምናውቀው የጥሪ ፕሮግራም ብቻ ተለይቶ ቢታመን፣ ጭቅጭቁ ያበቃል፤ የማናውቀው ሲመጣ ግን መጠየቋን አትተውም። ይህንኑ ሐሳብ ለእርስዎ አቅርባ እንደነበርና እርስዎም በጥንቃቄ ከማስቀመጥዎ የተነሳ ሊገኝ እንዳልቻለ ሰምቻለሁ።

ስለሆነም በታላቅ አክብሮት የምለምነው ይህን ብቻ ነው፦ አንቲቫይረሱ ይታደስልን፣ የጥሪው ፕሮግራም ይታመንልን፣ መስኮቷ ትቆይልን። የሰው ሀብቱም ፕሮግራም ጥያቄውን ወደ እኔ ይላክ እንጂ መልሱን ከእኔ አይላክ። መልሴ አጭር ስለሆነ ጊዜ አይፈጅብኝም።

ለረጅሙ ዝምታዎ፣ ጊዜው ላለፈበት አንቲቫይረስና ላላዘዝኩት ደስታዬ ያለኝን ምስጋና ደግሜ እየገለጽኩ፣ ጌታ ዕድሜና ብርታት፣ ከተቻለም መልስ የመስጠት ጸጋ እንዲጨምርልዎ እየተመኘሁ፣ ማንም ፕሮግራም ሳይጽፍልኝና ማንም ሳይልክልኝ በገዛ እጄ የፈረምኩ፣

ሁልጊዜ አክባሪዎ
አስናቀች ባዳቾ
የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ፣ እስከ ሰኞ ድረስ በእርግጠኝነት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ መስኮቷን ለሙከራ ያህል በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ቀደም ብለው እንደዘጉ ሰምቻለሁ፤ አርአያነትዎ ያስቀናል። ትናንት ከእርስዎ ኢሜይል፣ እኔ ተክለጻድቅ ወደ ተበላ ቅርንጫፍ መዛወሬን በደስታ የተቀበልኩ መሆኔን አረጋግጣለሁ፣ የሚል መልእክት ደርሶኛል፤ ለካ እርስዎም ሶዶ አምስት ዓመት ሞልቶዎታል። ኮሪደሩ ላይ እንኳን ደስ አለዎት ስልዎ ግራ ገብቶዎት የቆሙት ለዚህ መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ስምምነትዎን ወደ ሥራ አስኪያጁ ሊያስተላልፈው ይሞክራል፣ መስኮቷ ትጠይቀኛለች፣ እኔም የእርስዎን ከራሴ ጋር አብሬ እየከለከልኩ ነው። ሰኞ ከዘጉዋት ግን የሚጠይቀኝ አይኖርም።