በድንኳኑ የከፈትኩት መስኮት

ናዝሬት፣ ሚያዝያ 1976 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ መርዳሳ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ የሚገባው ተፈተው ቤትዎ ሲገቡ ነው። እህቴ ወርቅውሃ እስከዚያ ድረስ ላትሰጥዎ ቃል ገብታልኛለች። ሲያነቡት እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ፊት ለፊት ብናወራማ እንደ ልማድዎ በቀልድ ያስቆሙኝና የልቤን ሳልናገር እቀራለሁ።

እርስዎ ከተያዙበት ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሳስበው ሰበቡ ሙቀት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ልጅ ታፍኖብኝ ነው እንዳልል ልጅ የለኝም። አሞኝ ነው እንዳልል ጤነኛ ነበርኩ። ሞቀኝ፣ በቃ።

ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ በየቤቱ መሰብሰብም ሲያስፈራ፣ ዘዴውን ያመጡት እርስዎ ነበሩ። አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የለቀቀልዎትን፣ ላንድሮቨሩ ጣሪያ ላይ የሚዘረጋውን ድንኳን አሳዩንና «ሽርሽር የሚሄድ ቤተሰብ ማን ይጠረጥራል?» አሉን። ወርቅውሃ «ከላይ ወድቀን አንገታችን ሲሰበር ያኔ ይጠረጥሩናል» ብላ ስትመልስልዎ ያልሳቀ አልነበረም።

መካኒክ ነዎትና ሙቀቱንም እንደ ሞተር ፈታትተው ነበር የሚይዙት። ከአዳሚ ቱሉ ገባ ብሎ ካለው የሐይቅ ዳር ስንደርስ መኪናውን ትልቁ ግራር ሥር ያቆሙታል፤ የድንኳኑን አፍ ወደ ውሃው ያዞራሉ። ከሸራው በላይ ነጭ አቡጀዴ ከፍ አድርገው ይወጥሩና «ፀሐይዋ እሱን ትጥበስ፣ እኛን ትተወን» ይላሉ። የውሃውን ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልላሉ። ከፊትና ከኋላ ያሉትን መስኮቶች አንድ ላይ ከፍተው የራሰ አንሶላ ሲሰቅሉበት፣ ነፋሱ እየቀዘቀዘ ይገባልናል። በዚያ ቃጠሎ መሃል እንጦጦ ላይ የተቀመጥን ይመስለን ነበር።

መዝሙር ሲጀመር ግን ሁሉም ይዘጋል። በውሃ ላይ ድምፅ ርቆ እንደሚሄድ ደጋግመው አስጠንቅቀውናል። አምስታችን ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመን፣ እኔ እየመራሁ፣ በሹክሹክታ እንዘምራለን። ጎረቤታችን ደገፋ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፤ ሚስቱ ሆራ በነጠላዋ ጫፍ ታራግበዋለች። ማንም አያማርርም ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ቅጠል አልተነቃነቀም። ሦስተኛውን መዝሙር ስንጀምር ግን ውጭ ነፋስ ሲነሳ ሰማሁ። የመስኮቱ ዚፕ ከጀርባዬ ነበር። ለአንድ ስንኝ ያህል ብቻ ብዬ ከፈትኩት። ነፋሱ ሲገባ ሆራ ዓይኗን ጨፍና «ተመስገን!» አለች። ዝጊው ያለኝ ሰው የለም፤ እርስዎም ፈገግ አሉ። እኔ ደግሞ ሹክሹክታውን ረሳሁትና በሙሉ ድምፄ ዘመርኩ። ጸሎት ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ ያላወጣሁትን ድምፅ አወጣሁት። እውነቱን ልንገርዎ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሁን የሚያንገበግበኝም ይኸው ደስታ ነው።

ሁለት የቀበሌ ታጣቂዎች በቄጠማው መሃል ሲመጡ መጀመሪያ ያዩዋቸው እርስዎ ነበሩ። መስኮቱን ዘግተው በመሰላሉ ወረዱ።

«አካም ኦልተን፣ ወንድሞቼ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ሲሏቸው ሰማሁ።

«ስብሰባ ነው?»

«ኧረ ሽርሽር ነው። ቤተሰቤን ሙቀቱ ጥሎት ተኝቷል።»

«ሴት ስትዘምር ሰምተናል። የታለች?»

«እኔ ነኝ» አሉ እርስዎ።

አንደኛው ሳቀ። «በል እንግዲያው ድገመው!»

ወርቅውሃ «አንተ ስትዘምር ውሻ እንኳ ሰፈር ይለቃል» እያለች የምትቀልድብዎት ሰው፣ ያንን መዝሙር ድምፅዎን ለማቅጠን እየታገሉ ዘመሩት። መሃል ላይ ተሰነጠቀብዎት። ታጣቂው እየተንከተከተ ሲስቅ እኔ ከላይ አፌን በመዳፌ አፍኜ ተቀምጫለሁ። አንድ ስንኝ ባወጣ ያበቃ ነበር። አላወጣሁም። መስኮቱን መክፈቴን አንድ ቀን ለራሴ ይቅር እል ይሆናል፤ ያንን ዝምታ ግን አልችልም።

ሁለተኛው ታጣቂ አልሳቀም፤ መሰላሉን ወጥቶ ማየትም አላስፈለገውም። «የደበቃትን ራሱ ያወጣታል» ብሎ ይዞዎት ሄደ።

አብሮዎት ታስሮ የተፈታ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። የሴትየዋን ስም ከሰጡ የዚያኑ ዕለት እንደሚለቁዎት፣ እርስዎ ግን «ዘማሪው እኔ ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል እንዳልተነፈሱ ነገረን። ክፍሉ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ እንደሆነ፣ ቀትር ላይ በየተራ በበሩ ስንጥቅ አየር እንደምትወስዱ ነገረን። «አሳየች እንዳትመጣ» ማለትዎንም አልሸሸገኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ በረንዳው ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ሲነካኝ እፍረት ይይዘኝና ተነስቼ እገባለሁ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ወዳሰሩዎት ሰዎች እሄዳለሁ። ድምፁ የኔ ነው እላቸዋለሁ፤ ካላመኑኝ እዘምርላቸዋለሁ። የሌላ ሰው ስም ከአፌ አይወጣም። ዝም ማለትን አንዴ ለክፉ ተጠቅሜበታለሁ፤ አሁን ለደግ ይሁንልኝ። እህቴን ካገቡ በኋላ ከወንጂ አምጥተው እንደ ልጅዎ አሳድገውኛል፣ አስተምረውኛል፣ አንድ ቀን ቃልዎን ጥሼ አላውቅም። አሁን ግን ጣስኩት። ይቅር ይበሉኝ፣ አደራዎን ተከትለውኝም እንዳይመጡ።

ለወርቅውሃ ስነግራት ጮኸችብኝ። «የሱ መከራ ከንቱ ሊቀር ነው?» አለችኝ። ከዚያ አልቅሳ አልቅሳ ፊቷን አብሳ ተነሳች። ይህን ስጽፍ ጓዳ ሆና እስር ቤት ምግብ የምታመላልስበትን የእርስዎን ምሳ ዕቃ ስታጥብ ነበር። አሁን እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ከነገ ወዲያ ምን ሠርቼ ላምጣልሽ?» አለችኝ።

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣
አሳየች