በእጮቹ ገንዳ ውስጥ መዳብ

ለውድ እትዬ፣

ይህ ወረቀት በሙሉ ጤና ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን።

ትናንት ጠዋት የሽሪምፕ ማርቢያችንን ስከፍት እጮቹ በሙሉ ሞተው ገንዳው ሥር ተከምረዋል። ቴርሞሜትሩ ሃያ ስምንት ይላል፤ ሙቀቱስ ልክ ነው። እጄን ወደ ውሃው ብሰድ አሮጌው የመዳብ ማሞቂያ ወጣ። ለካ አባባ ውሃው ቀዝቅዟል ብሎ ከጓዳ አምጥቶ ነክሮት ኖሯል፤ ዘበኛው አይቶታል። መዳብ እጭ ይጨርሳል ብሎ በልጅነትሽ የመዳብ አምባርሽን አስወልቆ ያስለቀሰሽ አባባ።

ማሞቂያውን ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ። «ይሄን ማን ከተተው? ጥራልኝና ላስተምረው» አለኝ።

«እጠይቃለሁ» አልኩት።

ዕረፍትሽን ወደዚህ ወር ብታመጪው ደስ ይለናል። አባባ ሰላም በልልኝ ብሏል፤ አንድ ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርስ ሦስት ጊዜ ብሎኛልና ሦስቱንም ተቀበይ።

ወንድምሽ