ዛሬ ጾም ነው እንዴ?

ልጄ ሲንቄ፣ ካናዳ ላይ የምትረግጪውን መንገድ ሁሉ አምላክ ያለስልስልሽ። እኛ ደህና ነን። እዚህ አሜሪካ፣ ከተማችን ሆፕኪንስን የዛፍ ጥጥ እየተንሳፈፈ ሕልም አስመስሏታል። ጎረቤታችን ማሚት አሁንም የሰው ወሬ ታመጣለች፤ እኔም እሰማለሁ፣ ምን ላድርግ!

ቅዳሜ ከሰዓት እህትሽ ሊዲያ ከክፍሏ ልጆች ፓርቲ ደወለች። «እማዬ፣ ዛሬ ጾም ነው እንዴ?» አለችኝ። ቅዳሜ ምን ጾም አለ? «ምንም ሳትጠይቂኝ ነይ ውሰጂኝ» ማለት ነው፤ ሁለታችን የተስማማንበት ምልክት ነው።

«አዎ ጾም ነው፣ መጣሁ» ብዬ ከነሽርጤ ድራይቭ አደረግሁ። ምንም ሳልጠይቅ አሳፈርኳትና የሰፈራችንን ሐይቅ በመኪና ሁለቴ ዞርን፤ ጥጡ መስታወቱ ላይ ቀስ እያለ ያርፋል። ከዚያ ራሷ፣ «ክኒን እያዞሩ ‹ውሰጂ› ሲሉኝ፣ ‹እናቴ ትፈልገኛለች› ብዬ ወጣሁ» አለችኝ።

ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አንቺም አንድ ቀን እንዲሁ ፈርተሽ ስትደውዪልኝ፣ ገና መኪና ሳትገቢ ጮህኩብሽ። ከዚያ ወዲህ ደውለሽልኝ አታውቂም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ደግ ሰው አያሳጣሽ፣ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ሰው መሃል ሆነሽ ልብሽ ከፈራ ያንኑ ጠይቂኝ። የፋሲካ ዕለት ቢሆን እንኳ «አዎ፣ ጾም ነው» ብዬ ዊኒፔግ ድረስ እመጣለሁ።

እናትሽ ዘነቡ